«የፍራንክሊን ፊርማ ያለበት ብራና» ሲሏችሁ ጀርባውን ሳታዩ አትክፈሉ

በመስታወት የታሸገ ቡናማ ብራና፣ ከጎኑ «እውነተኛነቱ የተረጋገጠ» የሚል የሻጩ ወረቀት፣ ዋጋው 450 ዶላር። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ መቶ ዶላሩ ላይ ያለው የመብረቁ ተመራማሪ፣ በስተርጅና የአሜሪካዋ የፔንስልቬንያ ግዛት ጠቅላይ አስፈጻሚ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት፣ ማለትም እንደ ግዛቱ ገዥ ነበር። በዚያ ሥልጣኑ የፈረማቸው የመሬት ይዞታ ሰነዶች ዛሬም በገበያ ላይ ይገኛሉ። እውነተኛው ግን በጨረታ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ በመቶዎች የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ የሚሸጠውን አያውቅም ወይ በደንብ ያውቃል።

መጀመሪያ ቀኑን አንብቡ። ፍራንክሊን ወንበሩ ላይ የነበረው ከኦክቶበር 18 ቀን 1785 እስከ ኖቬምበር 5 ቀን 1788 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ነው። ከእሱ በፊት ጆን ዲኪንሰን፣ ከእሱ በኋላ ቶማስ ሚፍሊን ነበሩ። ቀኑ ቢገጥምም አላለቀም፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱም ይፈርም ነበርና። ሰነዱ ሲያበቃ ማን እንደፈረመ በስምና በማዕረግ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እዚያ ላይ «ምክትል» የሚል ካለ የተሸጠላችሁ እንደ ቻርልስ ቢድል ወይም ፒተር ሙህለንበርግ ያለ ምክትል ፊርማ ነው። ቢድል ደግሞ እስከ ኦክቶበር 1787 ምክትል፣ ከዚያ ወዲህ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ስለነበር ስሙን ከታች ብታዩት አይግረማችሁ። በ1786 ሰነድ ላይ «ጸሐፊ» ተብሎ ከተገኘ ግን ነገሩ ተበላሽቷል፤ ያኔ ጸሐፊው ጆን አርምስትሮንግ ነበር።

ስሙም ያታልላል። ፍራንክሊን የሚባል አውራጃ በ1784 በፔንስልቬንያ ስለተቋቋመ ቃሉ ሰነዱ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ያ ፊርማ አይደለም። ልጁ ዊልያም ፍራንክሊን ደግሞ ከ1763 ጀምሮ የኒው ጀርዚ ገዥ ነበር፤ የእሱን ፊርማ «የፍራንክሊን» እያሉ የሚሸጡ አሉ፤ ቃሉ ውሸት አይደለም፣ ማታለል ግን ነው።

ትክክለኛው ፊርማ የሚገኘው ከታች ሳይሆን በግራ በኩል ወደ ላይ፣ በወረቀት ከተሸፈነው ማኅተም አጠገብ ነው። «ቢ ፍራንክሊን» ብሎ «ፕሬዚዳንት» የሚለውን ቃል አሳጥሮ ይጨምርበታል። ከአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ላይ የሚገለብጡ ሐሰተኞች የመጀመሪያ ስሙን ረዘም አድርገው ይጽፉታል።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙ። ቅጹ የታተመ ነው፤ ክፍት ቦታዎቹን የሞላው ጸሐፊ ነው፤ ፊርማው ሌላ እጅ ነው። ፊርማው በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ሆኖ ከታየ የማተሚያ ማሽን ውጤት ነው። የዘመኑ ቀለም ከብረት ጨውና ከእንጨት እባጭ የሚሠራ ነበር፤ ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ ወደ ቡናማ ያደላል። እንደኛ አገር የጥላሸት ቀለም ጥቁረቱን ይዞ አይቆይም። በደበዘዘ መስመር ላይ አዲስ መስመር ከታየ ፊርማው «እንዲደምቅ ተደርጓል» ማለት ነው፤ እውነተኛ ቢሆንም ዋጋው ይወድቃል። ብራናውንም የአገራችንን የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሰው አይስተውም፤ በጠጉሩ ወገን የቀዳዳዎቹ ነጥብ ይታያል። እኩል ቡናማ የሆነ፣ ጠርዙ የተቃጠለ «ብራና» በቡና የተነከረ ወረቀት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊላዴልፊያ ውስጥ የዋሽንግተንን ፊርማ ያስመስል የነበረው ሮበርት ስፕሪንግም ወረቀቱን በቡና ነበር የሚያስረጀው። የአልትራቫዮሌት መብራት ዘመናዊ ወረቀትን በደማቅ ሰማያዊ ነጭ ያጋልጣል፤ እውነተኛ ቆዳም ግን በራሱ ስለሚያበራ በመብራቱ ብቻ አትፍረዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጀርባው ነው። ሰነዱ ሲሰጥ ቅጂው በመዝገብ ቤት ይጻፍ ነበር፤ ጀርባው ላይ የመዝገቡ ፊደል፣ ቅጽና ገጽ ይጻፋል። ለዚያ ዘመን ፊደሉ «ፒ» ነው፤ ከ1781 እስከ 1809 ይሸፍናል። መዝገቦቹ ሃሪስበርግ በሚገኘው የፔንስልቬንያ ቤተ መዛግብት ናቸው፤ የማውጫቸው ምስል በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። የባለመሬቱን ስም፣ ስፋቱን በኤከር፣ ቀኑን አንድ በአንድ አመሳክሩ። ስፋቱ ላይ «ለመንገድ ስድስት በመቶ» የሚል ተጨማሪ ቢታይ የተለመደ ነው፣ አያስደንግጣችሁ። መዝገቡ ግን የመሬቱን መሰጠት እንጂ የፊርማውን እውነተኛነት አያረጋግጥም፤ ስለዚህ የመነጽሩን ሥራ አይተካም።

ደረሰኙ ላይ «በፍራንክሊን እጅ የተፈረመ ዋና ሰነድ፣ ሐሰት ከሆነ ገንዘብ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍ። «ታሪካዊ ማስታወሻ» ወይም «በዘመኑ አሠራር» ከተባለ ሻጩ ቀድሞ አምልጧል። በባንክ ማስተላለፍ ብቻ ካለ ተዉት፤ በካርድ ከከፈላችሁ ለመከራከር ይቀላል።

ከመስታወቱ አውጥተው የጀርባውን ፎቶ እንዲልኩ ጠይቁ። «ይጎዳል፣ በሙጫ ተለጥፏል» ካሉ፣ በሙጫ የተለጠፈ ብራና ቀድሞውኑ የተጎዳ ነው፤ በዋጋው አትግዙት።