ስድስት ወር ሙሉ ጤነኛ ስፒከር ስወቅስ

ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም፤ አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር (ወፍራሙን የባስ ድምፅ የሚያወጣውን ሳጥን) የሚያጫውተውን የሆም ቴአትር ሪሲቨር ነው። ለገጣፎ ያለው ቤታችን ሳሎን ከገባ ስምንት ወር ሆነው። ኤችዲኤምአዩም ብሉቱዙም ሪሞቱም አላስቸገሩኝም፣ እሱን እንተወው። የምጽፈው ስለ አንዲት ሴቲንግ ነው። በእሷ የተነሳ ዕቃውን አውጥቼ ልሸጠው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የሸጠልኝ ልጅ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የገጠመልኝ። ማይኩን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ሪሲቨሩ ራሱ እንዲለካ አደረገ። ሜኑው ላይ የፊቶቹ ስፒከሮች «ላርጅ» ተብለው ወጡ። «አየህ ወንድሜ፣ ትልልቅ ናቸው፤ እንዳትነካቸው» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን ስናይም መዝሙር ስንከፍትም ሰብዉፈሩ ጭጭ። ፊልም ላይ ብቻ አልፎ አልፎ ይነቃል። ተበላሽቷል ብዬ ገመዱን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። እናቴ በአማርኛ የተተረጎመውን ተከታታይ ድራማዋን ስታይ «ሰዎቹ አፋቸው ውስጥ ምን ይዘው ነው የሚያወሩት?» ትለኛለች። ሱቁ ስደውል «ሰብዉፈር ሞዱን ኤልኤፍኢ ፕላስ ሜይን አድርገው» አሉኝ። አደረግኩት። ይኸው ባስ አሁን ከሰብዉፈሩም ከፊት ስፒከሮቹም እኩል ይወጣ ጀመር። ቡፌው ውስጥ ሲኒዎቹ ይንጫጫሉ፣ ኮርኒሱ ይርገበገባል። አንድ ማታ ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በር አንኳኩተው «ልጄ፣ ራሴን አሞኝ ነው፣ እባክህ» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ሱቁ መልሼ ስደውል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሪሲቨሩ አቅም አንሶት ነው፣ አምፕሊፋየር ጨምርበት።»

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ የፊቱን ስፒከር ጨርቅ አወለቅኩና ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። መዝሙር ከፈትኩ። ከበሮው በተመታ ቁጥር የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲዘል በዓይን ይታያል። የዘማሪውም ድምፅ የሚወጣው ከዚያው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲዘል ድምፁም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ስትለኝ የከረመችው ይሄንን ነበር።

ማኑዋሉን አውጥቼ እንደ ትምህርት አነበብኩት። «ላርጅ» እና «ስሞል» የሳጥኑ መጠን አይደሉም። ላርጅ ማለት ባሱን በሙሉ ስፒከሩ ራሱ ይቻለው ማለት ነው። ስሞል ማለት ደግሞ ከክሮስኦቨሩ፣ ማለትም ስፒከሩና ሰብዉፈሩ ድምፁን ከሚካፈሉበት ወሰን፣ በታች ያለው ወደ ሰብዉፈሩ ይዙር ማለት ነው። ፊቶቹ ላርጅ ከሆኑ፣ ሁለት ቻናል ብቻ ካለው የቴሌቪዥን ድምፅ ለሰብዉፈሩ የሚደርሰው ነገር የለም፤ ፊልም ውስጥ ለብቻው የተቀዳውን የባስ ቻናል፣ ኤልኤፍኢ የሚሉትን፣ ሲጠብቅ ይውላል። ለካ ሰብዉፈሬ ጤነኛ ነበር!

ሁሉንም ስሞል አደረግኩ። የፊቶቹንና የመሐሉን 80 ኸርዝ፣ የኋላዎቹን ትንንሾች 120። 80 የቲኤችኤክስ፣ የሲኒማ ድምፅ ጥራት መለኪያው፣ ደረጃ ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ ለመለየት ይቸገራል። የፊቶቹን 150 አድርጌ ሞክሬው ነበር፣ የወንዶቹ ድምፅ ሰብዉፈሩ ካለበት ጥግ መምጣት ጀመረ፤ ወዲያው መለስኩት። ሰብዉፈር ሞዱንም ኤልኤፍኢ ብቻ አደረግኩት። ሰብዉፈሩ ጀርባ ላይ ያለችውን የክሮስኦቨር ማዞሪያ ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ከፈትኳት፤ አለዚያ ሪሲቨሩ የቆረጠውን እሷ ደግማ ትቆርጠዋለች።

ሌላም ጥቅም አገኘሁበት። ሳሎናችን ርዝመቱ 4.3 ሜትር ግድም ነው። በዚህ ርዝመት 40 ኸርዝ አካባቢ ያለ ባስ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ይጎላል። የፊት ስፒከሮቹ ከቴሌቪዥኑ ጎን ንቅንቅ አይሉም፤ ባሱ አንድ ሳጥን ውስጥ ከተሰበሰበ ግን ሳጥኑን እያዞሩ ቦታ መፈለግ ይቻላል። ከጥጉ አውጥቼ የጎን ግድግዳው መሐል አካባቢ ሳደርገው ሲኒዎቹ ዝም አሉ።

ያንኑ መዝሙር መልሼ ከፈትኩት። ወረቀቱን በጣቴ ጫፍ ነካሁት፤ የሚነዝር ነገር ብቻ ነው፣ ዝላዩ የለም። ከበሮው ከታች ሙሉ ሆኖ ይመጣል፣ ዘማሪው ከላይ ጥርት ብሎ ቆሟል። እንባዬ መጣ ብል አላጋነንኩም። አሁን ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳ እናቴ ድምፅ ትጨምርና ድራማዋን ትከታተላለች። ድሮ ድምፅ ሲጨመር ጉርምርምታው ነበር የሚጨምረው።

አንተ የሸጥክልኝ ልጅ፣ ይሄን ብታነብ፦ ሪሲቨሩ አቅም አላነሰውም። ባሱ ከፊት ስፒከሮቹ ላይ ሲነሳለት እንዲያውም ቀለለው፤ ኃይል የሚበላው ባሱ ነውና። አምፕሊፋየር ልትሸጥልኝ ከመነሳትህ በፊት ያንን ሜኑ አንድ ጊዜ ብትከፍተው ምን ነበረበት?

ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኔ ላይ ሶፋውን አዙረን ማይኩን ሰክቼ እንደገና ሳስለካው፣ ሳይጠይቀኝ ፊቶቹን ወደ ላርጅ መለሳቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ነው እናቴ «ሰዎቹ ደግሞ አፋቸውን ያዙ» ያለችኝ። ስለዚህ ሪሲቨሩ ጎን ላይ በፕላስተር ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ ሁሉም ስሞል፣ ፊት 80፣ መሐል 80፣ ኋላ 120።