የታመመ መንጋጋ፦ ሩት ካናል ይሻላል ወይስ ማስነቀል?

በእኔ አፍ ውስጥ ሁለቱም አሉ። በግራ በኩል ከታች አንድ መንጋጋ አስነቅያለሁ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የዚያኑ አምሳያ ሩት ካናል፣ ማለትም ሳይነቀል ውስጡን አጽድቶ መድፈን፣ አሠርቻለሁ። የግራው ከተነቀለ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ የቀኙ ከታከመ አምስት። ስለዚህ "የቱ ይሻለኛል?" ለሚለኝ ሰው የምመልሰው በየቀኑ ከማኝክበት ተነስቼ ነው።

የግራው ታሪክ አጭር ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ፣ ቅርንፉድ ነክሼ አደርኩ። ጠዋት እማዬ "ነቅለህ ጣለውና እረፍ" አለችኝ። ሄድኩ፣ ማደንዘዣ ወጉኝ፣ ጥቂት ደቂቃ ታገሉት፣ ጥጥ አስነከሱኝና አለቀ። የከፈልኩትም ትንሽ ነበር። ያን ዕለት ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ያለ አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ግን ማንም አልነገረኝም። አንድ ጥርስ ሲነቀል የቀሩት ባሉበት አይቆዩም። ከኋላው ያለው መንጋጋ ቀስ በቀስ ወደ ክፍተቱ አጋደለ። ከላይ ያለውም የሚገጥመው ሲያጣ ወደ ታች ወረደ። ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ደግሞ ሥራ ሲፈታ ይሳሳል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ዛሬ ጥብስ ከበላሁ በተጋደለው ጥርስ ሥር የማይሰነቀር ሥጋ የለም፣ ስንጥር ካልያዝኩ ከሰው ጋር ምሳ መብላት ያሳቅቀኛል።

የቀኙን የሰነጠቀው የሽምብራ ቆሎ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ብቻ ነበር የሚያመኝ፣ በኋላ ግን ውሃውን ከዋጥኩ በኋላም ሕመሙ ደቂቃ ሙሉ አልለቅ አለኝ። ይህን ልብ በሉ። ቀዝቃዛው ወይም ትኩሱ ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚቆይ ሕመም፣ ብዙውን ጊዜ የጥርሱ ነርቭ ራሱ እንደተጎዳና በመሙላት ብቻ እንደማይድን የሚናገር ምልክት ነው።

በጥርስ መሃል ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ባክቴሪያ እዚያ ሲገባ ሥጋው ማበጥ ይፈልጋል፣ ዙሪያው ግን ግድግዳ ስለሆነ ማበጫ ቦታ የለውም፣ ያ ራስ የሚያዞረው ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። ሥጋው ሲሞት ሕመሙ አንዳንዴ ጸጥ ይላል። ሰውም "ተሻለኝ" ብሎ ይተወዋል። ኢንፌክሽኑ ግን በሥሩ ጫፍ ወጥቶ ወደ አጥንቱ እየገባ ነው። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥም ጥርሱን አያድነውም፣ ምክንያቱም የሞተው ሥጋ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፣ ደም ካልደረሰ መድኃኒቱም አይደርስም። ምርጫው እንግዲህ ሁለት ነው፦ ውስጡን አጽድቶ መድፈን ወይም ጥርሱን ማውጣት።

ሩት ካናሉ ያማል ወይ? የምትፈሩት እሱን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም ፈርቼ ሁለት ቀጠሮ አሳልፌያለሁ። ከማደንዘዣው መርፌ በኋላ የተሰማኝ መነካካት ብቻ ነው። ሐኪሟ በጥርሱ ዙሪያ ስስ ጎማ ወጥራ በብረት ቆንጥጣ ያዘችው፣ ጥርሱ ብቻውን በጎማው ቀዳዳ ብቅ አለ። ከዚያ የበረኪና ሽታ ሸተተኝ። ለካ ባክቴሪያውን የሚገድሉበት ፈሳሽ ከበረኪና ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ጎማው የሚወጠረውም እሱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድና ምራቅ ወደ ጥርሱ እንዳይገባ ነው። እንደ መርፌ የቀጠኑ ሞረዶች እያፈራረቀች ሦስቱን የሥር ቦዮች ጠረገች፣ መድኃኒት አድርጋ ለጊዜው ደፈነችው። በሳምንቱ ተመልሼ ጉታ ፐርቻ በሚባል ጎማ መሰል ነገር ሞላችው። ሁለት ሦስት ቀን ስነክስበት ጠዘጠዘኝ፣ ከዚያ ተወኝ። ከሁሉም የከበደኝ አፍ ከፍቶ ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጡ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የማስነቀልን ዋጋ ከሩት ካናል ዋጋ ጋር አታወዳድሩ። በአንድ በኩል ሩት ካናሉን ከነሽፋኑ ደምሩ፣ በሌላ በኩል ማስነቀያውን ከመተኪያው ጋር። ሽፋኑን፣ ክራውን የሚሉትን፣ አትርሱ፦ ሩት ካናል የተሠራለት መንጋጋ ተቦርቡሮ ስለሚሳሳ፣ ካልለበሰ አንድ ቀን እንጀራ ስትበሉ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ክሊኒኩ የነገራችሁ ዋጋ ሽፋኑን ይጨምር እንደሆነ ሳትጠይቁ ወንበሩ ላይ አትቀመጡ።

መተኪያውስ? የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሁሉም ርካሽ ነው፣ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ማታ ማታም ይወልቃል። ብሪጅ፣ ከጎን ጥርሶች ጋር የሚታሰረው የማይወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ጥሩ ነው፣ ሆኖም ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ጤነኞች ቢሆኑም ተሞርደው ነው የሚታሰረው፣ እኔ እነሱን ማስነካት አልፈለግሁም። ኢምፕላንት ቲታንየም ብሎን አጥንት ውስጥ ተተክሎ ጥርስ የሚገጠምበት ነው። ከሦስቱ ለተፈጥሮ ጥርስ የሚቀርበው እሱ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል፣ አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዘው ድረስም በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት አገር ቤት ገብታችሁ ጥርስ ልታሠሩ ያሰባችሁ ይህን አስሉ፦ ሩት ካናልና ሽፋን በዚያ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል፣ ኢምፕላንት ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ጉዞ ይፈልጋል።

ማስነቀል ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስንጥቁ ወደ ሥሩ ከወረደ፣ ከድድ በላይ ሽፋን የሚይዝ ነገር ካልቀረ፣ ወይም በድድ በሽታ አጥንቱ አልቆ ጥርሱ ከተነቃነቀ፣ ሩት ካናል ላይ ገንዘብ አትጨርሱ። ችግር የሚፈጥር የመጨረሻው መንጋጋም ሲነቀል ብዙ አያጎድልም።

ሩት ካናልም ሁልጊዜ አይሳካም። የአክስቴ ልጅ የላይኛው መንጋጋዋን ከታከመች በኋላ ከዓመት በላይ ቆይቶ ድዷ ላይ መግል የያዘች ትንሽ እብጠት ወጣች። ሌላ ቦታ ራጅ ስትነሳ አንድ ቦይ ሳይነካ ቀርቶ ነበር። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ብዙ ጊዜ አራተኛ ቀጭን ቦይ አለው፣ ካልፈለጉት አይታይም። ተከፍቶ እንደገና ተሠራላት፣ ደግማም ከፈለች። ስለዚህ ጥርሳችሁ ስንት ቦይ እንዳለው፣ ጎማውን ይጠቀሙ እንደሆነ፣ ሲያልቅ ራጅ አንስተው ያሳዩዋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየማችሁም።

ፊታችሁ ወይም ከአገጫችሁ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ካላችሁ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃታችሁ ግን ዋጋ ማወዳደሩን ተዉትና አሁኑኑ ሆስፒታል ሂዱ። ትንፋሽ እስከመዝጋት ሊደርስ ይችላል።

እኔ ባለፈው ወር የግራውን በኢምፕላንት ለመተካት ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሟ ምስሉን ወደ እኔ አዙራ የሳሳውን አጥንት በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችኝ። መጀመሪያ አጥንት መጨመር አለበት፣ ከዚያ ወራት መጠበቅ፣ ከዚያ ብሎኑ፣ ከዚያ እንደገና መጠበቅ። ሒሳቡን ጽፋ ሰጠችኝ። የቀኙን ለማዳን ከከፈልኩት ከእጥፍ በላይ ነው።