አዲስ አሳ ስታስገቡ፦ ማንሳፈፍ ወይስ ጠብ ጠብ ማድረግ?

ባህር ዳር ላይ አኳሪየም (የቤት ውስጥ የአሳ ገንዳ) ያለን ሰዎች ስንገናኝ ይሄ ክርክር አይቀርም።

ማንሳፈፍ፦ ፌስታሉን እንደታሰረ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ሙቀቱ ሲመሳሰል አሳውን በመረብ ወደ ውስጥ። ወጪ የለውም።

ጠብ ጠብ፦ አሳውን ከነውሃው ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ አዲሱን ውሃ ቀስ በቀስ እንዲለምድ የገንዳውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ታንጠባጥቡበታላችሁ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኔ ከፋርማሲ የተገዛ የጉሉኮስ ቱቦ ነው የምጠቀመው፣ ማጥበቂያዋ አሪፍ ናት።

ሪስኩ ላይ ግን ይለያያሉ። ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ቀኑን ሙሉ የመጣ አሳ ፌስታሉ ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ይወርዳል፣ ማለትም ውሃው አሲድ ይሆናል፣ ፒኤቹ ዝቅ ሲል ደግሞ እዛው የተጠራቀመው አሞኒያ (ከአሳው የሚወጣ ቆሻሻ) ብዙም አይጎዳውም፣ ፌስታሉን ስትከፍቱት ግን ጋዙ ይወጣል ፒኤቹ ይጨምራል አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስድስት ኒዮን ቴትራ (ትናንሽ የገንዳ አሳዎች) ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ እያልኩ ሁለቱ ጎናቸውን ሰጥተው ተንሳፈፉ (እማዬ ደግሞ "መቼ ነው የሚጠበሱት" እያለች ትስቃለች)።

ስለዚህ ረጅም መንገድ ለመጣ አሳ ማንሳፈፍ፣ ፌስታሉን ከከፈታችሁ በኋላ አትዘግዩ። እዚሁ ከተማ ከጓደኛ ለተቀበላችሁት፣ በተለይ የእሱ የጉድጓድ የእናንተ የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ ጠብ ጠቡ ይሻላል። ጋፒ የምትባለው ጠንካራ ትንሽ አሳ ግን በሁለቱም አይሞትባችሁም ማለት ይቻላል።

በሁለቱም መንገድ የፌስታሉን ውሃ ገንዳው ውስጥ አትድፉ፣ መብራቱንም እስከ ማታ አጥፉት፣ ነባሮቹ እንዳያሳድዱት። "የጣና ውሃ ተፈጥሯዊ ነው" ብላችሁ ቀድታችሁ እንዳትጨምሩ ደግሞ፣ ጥገኛ ተውሳክ ይዛችሁ ትገባላችሁ።