ራም ስትገዙ ቀስ በሉ፤ ማዘርቦርዳችሁ አልተቃጠለም!

አሮጌ ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ በተለይ ኮር ቱ ዱዎ የሚባለውን የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር የምትጠቀሙ፣ ይህቺን ሳታነቡ ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) እንዳትገዙ። ባለ 4 ጂቢ ዲዲአር3 የሚባለውን የራም ዓይነት ከሌላው በጣም ረክሶ ካገኛችሁ ተጠንቀቁ። ኢንቴል ማሽን ላይ የማይሰራ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ጎረቤቴ ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አላት። ኮምፒውተሯ ጂ41 የሚባል የኢንቴል ቺፕሴት ያለበት ማዘርቦርድ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ያለው፣ በ2 ጂቢ ራም የሚያቃስት ነው። ሁለት ባለ 4 ገዝታ 8 ልታደርገው አሰበች። ጂ41 እስከ 8 ስለሚችል ሐሳቧ ልክ ነበር። ራሙ ሲሰካ ግን ስክሪኑ ጨለመ፤ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ማለት ብቻ ሆነ። ይዛው ወደ ሱቁ ሄደች። ልጁ የራሙን ወርቃማ ጥርስ በላጲስ ፈተግ ፈተግ አደረገና እዚያው ባለው ማሽን ላይ ሰካው። ዊንዶውስ ወዲያው ተነሳ። «አየሽ እህቴ፣ ራሙ ጤነኛ ነው። የተቃጠለው ያንቺ ማዘርቦርድ ነው» አላት። ከመደርደሪያው ላይም አንድ ዩዝድ ማዘርቦርድ አወረደላት።

ጨዋታው እዚህ ጋ ነው። የሱቁ ማሽን ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ሳይሆን የተፎካካሪው የኤኤምዲ ነበር።

እነዚህ ርካሽ ራሞች ላይ ያሉት ጥቋቁር ቺፖች እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ 4 ቢት ብቻ ያቀብላሉ። የተለመዱት 8 ያቀብላሉ። የዚያ ዘመን ኤኤምዲ ዴስክቶፕ ባለ 4 ቢቶቹን ያነባል፤ የኢንቴሉ አያውቃቸውም። የተበላሸ ነገር የለም። አይግባቡም፣ በቃ።

«ማዘርቦርድህ ሞቷል» ከተባላችሁ መጀመሪያ ኮረንቲውን ንቀሉ። ከዚያ አዲሱን ራም አውጥታችሁ የድሮውን መልሱ። ማሽኑ ከተነሳ ማን እንደዋሸ ታውቃላችሁ። የጎረቤቴ ተነስቷል።

ከመግዛታችሁ በፊት ስቲከሩ ላይ «ፎር ኤኤምዲ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። አንዳንዱ በደቃቅ ፊደል ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ስቲከሩ ተልጦ ነው የሚመጣው። እንዲህ ከሆነ ቺፑን እዩ። ለምሳሌ ሳምሰንግ ላይ «ኬ4ቢ2ጂ» ከሚለው ቀጥሎ 08 ካለ ደህና ነው፤ 04 ካለ አትንኩት። ጂ41 ያላችሁ ደግሞ ቺፖቹን ቁጠሩ። ባለ 4 ጂቢው ራም 8 ቺፕ ብቻ ካለው እናንተ ጋ አይሰራም፤ 16 መሆን አለበት።

የሰርቨር ራምም በዚሁ ዘዴ ይሸጣል። ስቲከሩ ላይ 10600 ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ «አር» ፊደል ካያችሁ ለዴስክቶፓችሁ አይሆንም። «ዩ» ነው የምትፈልጉት። በነገራችን ላይ 8 ጂቢ ሰክታችሁ 3 ምናምን ብቻ ካሳያችሁ ሻጩን አትውቀሱ። ዊንዶውሳችሁ 32 ቢት ስለሆነ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የራሳችሁን ሲስተም ዩኒት ተሸክማችሁ ሄዳችሁ እዚያው ማስሞከር ነው። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ካልቻላችሁ ደረሰኙ ላይ «ኢንቴል ላይ ካልሰራ ይመለሳል» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ማንገራገር ከጀመረ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።

ጎረቤቴ ይህን ስጽፍ ገንዘቧ አልተመለሰላትም። «በሌላ ዕቃ ቀይሪ» ነው የሚሏት፤ የሚያሳዩዋት ደግሞ ያንኑ ማዘርቦርድ ነው።