የጆሮ ኩክ አሳጠብኩ፦ ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ ክሊኒክ

ጥር 11 ጃንሜዳ ጠበል ተረጭቼ ስመለስ ቀኝ ጆሮዬ ድፍን አለ። ውሃ ገብቶ ነው ብዬ በአንድ እግሬ ዘለልኩ፣ አንገቴን አዘነበልኩ፤ ወይ ፍንክች! ሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሬዲዮ ስሰማ ነው የምውለው። ማታ ከሱቅ የጆሮ ጥጥ ገዝቼ ጎረጎርኩት። የባሰው ያኔ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ይሰማኝ የነበረውም ጭራሽ ጠፋ።

እናቴ ማተቧ ላይ ከመስቀሉ ጎን የብር ኩክ ማውጫ ነበራት። ጫፏ የምስር ፍሬ የምታህል ማንኪያ ናት። ልጆች ሳለን ጭኗ ላይ አስተኝታ የጆሯችንን ደጃፍ ትጠርግልን ነበር፣ "ወደ ውስጥ አይገባም" እያለች። አሁን እኔ ጋ ናት። ላወጣት ስል ባለቤቴ ከእጄ ነጥቃ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባት። ለጎረቤታችን ከዱባይ የመጣላትን፣ ጆሮ ላይ ተክለው የሚለኩሱትን ሻማ ስዋስም ተቆጣችኝ። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረኝ ከሻማው ስር የሚገኘው "ኩክ" የራሱ የሻማው ቅላጭ ነው፤ ፊቱንና ጆሮውን የተቃጠለም አለ።

እናም ሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እነግራለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ቅሬታ አለኝ። ካርድ 500 ብር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ቁጭ። ጆሮው የተደፈነ ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ተራ የሚጠራው በአፍ፣ ያውም በለሆሳስ! ሁለት ጊዜ ተጠርቼ አልሰማሁም፤ ጎኔ የነበረች ልጅ ባትነካኝ እስካሁን እዚያው ነበርኩ።

ሐኪሙ ግን ጎበዝ ነው። ከማየቱ በፊት "ጋሼ፣ ጆሮዎ መግል ፈሶት ያውቃል? ቀዶ ጥገናስ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ስኳር እንዳለብኝም እንደዚሁ። ታምቡሩ የተበሳ ሰው በውሃ አይታጠብም፤ ስኳር ያለበት ደግሞ ጆሮው ቢመረቅዝ ስለሚከፋበት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዚያ በመብራት አየኝና ኩኩ ደርቋል ብሎ ጠብታ ጽፎ አሰናበተኝ። 500 ብር ከፍዬ፣ ሳልታጠብ! ደረጃውን ስወርድ እየተነጫነጭኩ ነበር።

ጠብታው 5 በመቶ ሶዲየም ባይካርቦኔት ያለበት ነው። ጠርሙሱን በመዳፌ አሙቄ፣ በግራ ጎኔ ተኝቼ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለ5 ቀን አስጨመርኩ። በሁለተኛው ቀን ይበልጥ ደፈነኝ፤ ኩኩ እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ እንደዚያ እንደሚያደርግ አስቀድሞ ስለነገረኝ አልደነገጥኩም።

ስመለስ ካርዱ ስላልተቃጠለ ለእጥበቱ 700 ብር ብቻ ከፈልኩ። ሲስተሯ ውሃውን እንደ ሕፃን ወተት አንጓዋ ላይ ጠብ አድርጋ ለካችው። የሰውነትን ሙቀት፣ 37 ዲግሪ አካባቢ፣ ካልያዘ ያዞራል አለችኝ። ጆሮዬን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ በትልቅ መርፌ (ያለ ስለቱ ነው፣ አትፍሩ) ረጨችው። አያምም፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ ዶፍ ሲወርድ ዓይነት ነው። በሦስተኛው ዱብ አለ። የተቆላ ሽምብራ የሚያህል፣ ቡናማ፤ መሐሉ ነጭ ነገር ተጠቅልሎበታል። የልብስ ሰፊ ነገር፣ ክር መሰለኝ። ያ የገዛሁት ጥጥ ነበር።

ሐኪሙ ታምቡሩን ዳግም አይቶ ደህና ነው አለኝ። በምን ላጽዳው ብለው "በምንም" አለ። የጆሮ ቆዳ ራሱ ቀስ እያለ ኩኩን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ስናኝክም ይረዳዋል፤ ደጁን በጨርቅ ማበስ ይበቃል። ጥጥ ግን የወጣውን መልሶ ይጠቀጥቀዋል። የእናቴን ኩክ ማውጫ ሳነሳበት ሳቀና "ለአንገት ታምራለች" ብሎ ዘጋኝ። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ነገረኝ፦ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ኩክ ነው ብሎ ቤት ጠብታ እየጨመሩ መክረም አይገባም፣ ቶሎ መታየት አለበት።

ከሰዓት ሱቄ ገብቼ የስፌት መኪናዬን ስረግጣት ሲጥ ሲጥ ትላለች። "ማነው ያበላሻት?" ብዬ ጮህኩ። ረዳቴ ቀና ብሎ አየኝና "ጋሼ፣ ይሄማ ከገና በፊት የጀመራት ነው" አለኝ።