የመስታወት ማጠቢያው ውሃ ሲሸት፦ ተራ ውሃ፣ ላርጎ፣ ሰማያዊው ጀሪካን ወይስ ኮንሰንትሬት?

«መስታወቱ ላይ ውሃ ስረጭ መኪናው ውስጥ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ምን ገዝቼ ልጨምርበት?» ክረምቱ ወጥቶ አቧራው ሲጀምር ይህ ጥያቄ ከጓደኞቼ አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወዳጄ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሰማያዊ የመስታወት ማጠቢያ ፈሳሽ በጀሪካን ገዝቶ ገለበጠበት። ግማቱ ሽቶ ተቀባ እንጂ አልለቀቀውም። ብሩ ግን ሄደ። ስለዚህ ምን ከምን እንደሚሻል አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው።

ከወዲሁ ልናገር፣ እኔ የኮንሰንትሬት ወገን ነኝ። በውሃ እየቀጠኑ የሚጠቀሙበት፣ በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣው ማለቴ ነው። ለምን እንደሆነ በዋጋውም በጠረኑም አሳያለሁ።

መጀመሪያ ግን ሽታው ከየት እንደሚመጣ እርግጠኛ ሁኑ። አየር ማስገቢያውን ወደ ውጭ አየር አዙሩና መስታወቱን እርጩ። ሽታው ወዲያው ከገባ ጥፋቱ የጋኑ ነው፤ ጋን የምለው ኮፈን ስር ያለውን የማጠቢያ ውሃ መያዣ ነው። ምክንያቱም የውጭ አየር የሚገባው ከተርጂክሪስታሎው (ከመስታወት መጥረጊያው) ስር ባለው ወንፊት በኩል ነው፤ የረጫችሁት ውሃም የሚፈሰው እዚያው ላይ ነው። ሳትረጩ የሚሸት ከሆነ ግን የኤሲውን ፊልትሮ እዩ፣ ወይም ወንፊቱ ስር የበሰበሰ ቅጠል ፈልጉ። ሽታው የሚጣፍጥ ዓይነት ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ እያፈሰ ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ጋ ሂዱ። ለእነዚህ ማጠቢያ ፈሳሽ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ጋኑ ለምን ይሸታል? ውሃው ስለሚቆም ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ መስታወቱን ስለሚያጥብልን ማንም የመርጫውን ቁልፍ አይነካም። ውሃው ኮፈን ስር፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ለብ ብሎ ይከርማል። ግድግዳው ላይ የሚያዳልጥ ነገር ይይዛል፤ እሱ የባክቴሪያ ሽፋን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አትዘናጉ። መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ «ዘይት የለው፣ ምን የለው» እያሉ ኮፈኑን የማይከፍቱ ሰዎች በዝተዋል። ይሄ ጋን ግን እዚያም አለ፣ ውሃውም እዚያም ይቆማል።

ወደ ንጽጽሩ ልግባ። ተራ ውሃ ነጻ ነው፣ ላቫጆ ያሉት ልጆችም በጎማው ቱቦ ሞልተው ይሰጧችኋል። በዋጋ የሚወዳደረው የለም። እኔ ግን አልመክረውም፤ ምክንያቴም ሽታው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የእንግሊዝ የጤና ጥበቃ ኤጀንሲ ባወጣው ጥናት፣ ማጠቢያ ፈሳሽ ያልተጨመረበት ውሃ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣው የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ መራቢያ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። በመጀመሪያ ዙር ምርመራቸው ተራ ውሃ ከያዙ 5 መኪኖች በ1ዱ ውስጥ ምልክቱን አግኝተዋል። ፈሳሽ በተጨመረባቸው ውስጥ ግን አላገኙም። ይህ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይመቸዋል፤ ከሞተር አጠገብ ያለ ጋን ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ሙቀት ውስጥ ነው። ሲረጭ የሚበነው ውሃ የሚገባው እናንተና ልጆቻችሁ ወደምትተነፍሱት አየር ነው። ስለዚህ «ውሃ ምን ይሆናል» የሚለውን እንተወው።

የውሃው ዓይነትም ጉዳይ አለው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ከለገዳዲ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። የመርጫውን ቀዳዳ የሚደፍነውና መስታወት ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚተወው ይኸው ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ መርጫው ላይም እየተጋገረ ነው። ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃም ከነዝቃጩ ነው የሚገባው።

ላርጎ ሁለተኛው የተለመደ መላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከረኛል፣ ርካሽ ነዋ። ጠብ ጠብ ስታደርጉበት ለአንድ ሙሌት የሚወጣው ጥቂት ብር ነው። ዘይትና ነፍሳት ያነሳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የተሠራው በብዙ ውሃ እንዲለቀለቅ ነው። መስታወት ላይ የሚያለቀልቀው የለም። አረፋው ይደርቅና ማታ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት መስታወቱ ሁሉ ይንቦገቦጋል። ሽታውንም አይከለክልም። ውሃው ሲከርም ያው ይገማል፣ አሁን ግን ከሎሚ ሽቶ ጋር። የግድ ላርጎ ከሆነብህ ለአንድ ጋን ከሻይ ማንኪያ አይብለጥ፣ በየጊዜውም አፍስሰህ ቀይር።

አሁን ሰማያዊው ጀሪካን። ወዳጄን ያቃጠለው ይሄ ነው፣ እኔም በጣም የምጠነቀቀው እሱን ነው። ትክክለኛው መጥፎ ዕቃ አይደለም። አልኮል ስላለው ውሃው አይገማም፣ መስታወት ላይም ቶሎ ይደርቃል። ችግሩ ሁለት ነው፦ ፎርጅዱ በዝቷል፣ ዋጋውም ትርጉም የለውም።

ፎርጅዱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቀለም የገባበት ውሃ ነው። አንዳንዴ ትንሽ ሳሙና አለው፣ አንዳንዴ እሱም የለም። ባዶ ጀሪካን ተሰብስቦ ይሞላል። ስትገዙ መጀመሪያ ክዳኑን እዩ። ቀለበቱ ከክዳኑ ጋር ተያይዞ ስትከፍቱት ጠቅ ብሎ መበጠስ አለበት። ሙጫ የተለጠፈበት ወይም ላላ ያለ ከሆነ መልሱት። የላቤሉን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ፊደሉ የደበዘዘ ወይም ከስሩ የሌላ ላቤል ቅሪት ያለው ብዙ ነው። ከገዛችሁም በኋላ ጥቂት ጠብታ መስታወት ላይ አድርጉና አጠገቡ ተራ ውሃ አድርጉ። አልኮል ያለው ቀድሞ ይደርቃል። እኩል ከደረቁና ሰማያዊ ቀለበት ከተወ የገዛችሁት ቀለም ነው። በእጃችሁ ወይም በአፍንጫችሁ አትፈትኑት። አንዳንዱ ሜታኖል አለው፤ ሜታኖል ዓይን የሚያሳውር፣ የሚገድልም መርዝ ነው፣ በቆዳም ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ 0.6% እና ከዚያ በላይ ሜታኖል ያለው የመስታወት ፈሳሽ ለሕዝብ እንዳይሸጥ አግዷል። ስለዚህ የቀረውን በለስላሳ ጠርሙስ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፣ ልጆች ለስላሳ መስሏቸው ሊጠጡት ይችላሉ።

ዋጋውን ደግሞ በሊትር አስሉት። አራት ሊትር ጀሪካን 1,000 ብር ነው እንበል። አንዱ ሊትር 250 ብር መጣ ማለት ነው። ከምትገዙት አብዛኛው ውሃ ነው። በዚያ ላይ «ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አይረጋም» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ሻጩም በዚህ ነው ዋጋ የሚሰቅለው። የአዲስ አበባ ብርድ ጋን አያረጋም። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ ቢጥልም ለዚያ ከዜሮ በታች 20 አያስፈልግም። ለስዊድን ብርድ ለተሠራ ነገር ለምን እንከፍላለን? ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ዘመዳችሁ ቢገዛው ልክ ነው።

ኮንሰንትሬቱ ያሸነፈኝ እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ሠንጠረዥ አለ። ለበረዶ አገር እኩል በእኩል ቀላቅል ይላል፣ ለሞቃት ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 1 ለ 10 ይላል። ሱቅ ውስጥ ሲያወዳድሩ «ኧረ ይሄ ትንሽ ጠርሙስ ውድ ነው» የሚሉት ይህን ሠንጠረዥ ስለማያነቡ ነው። አንዱ ሊትር 900 ብር ነው እንበል። በ1 ለ 10 ከቀላቀላችሁ 11 ሊትር ይወጣዋል፤ ሊትሩ 82 ብር ገደማ ነው። ሽታ ያስቸገረው መኪና ላይ እኔ ወፈር አድርጌ 1 ለ 5 ነው የማደርገው። ያኔ እንኳ 6 ሊትር ይወጣዋል፣ ሊትሩ 150 ብር ነው። ከሰማያዊው ጀሪካን በ100 ብር ይረክሳል። ዋጋው ነገ ቢቀየር ስሌቱ አይቀየርም፤ ስልካችሁን አውጡና እዚያው ሻጩ ፊት አካፍሉት።

ስትመርጡ ላቤሉ ላይ ኢታኖል ወይም አይሶፕሮፓኖል የሚል ፈልጉ። ይህ ከሌለ ብዙውን ጊዜ ሽቶና ሳሙና ብቻ ነው፣ ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም። ለመቀላቀያ የባትሪ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ግን ለዚህ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ ከላይ ከላዩ የተቀዳ ውሃ ይበቃል።

ኮንሰንትሬት ከጠፋ የምመክረው የፋርማሲ አልኮል ነው። ከኮሮና ወዲህ የትም አለ። 1 ሊትር 70% አልኮል ከ3 ሊትር ውሃ ጋር ስትቀላቅሉት 17.5% ይሆናል። ሊትሩ 400 ብር ቢሆን ለአንዱ ሊትር ቅልቅል 100 ብር መሆኑ ነው፣ ከኮንሰንትሬቱ ጋር ይቀራረባል። ሁለት ነገር ጠንቀቅ በሉ። ለእጅ ተብሎ የሚሸጠው ግሊሰሪን ካለው መስታወቱን ቅባት ያደርገዋል፣ ያልተጨመረበትን ግዙ። ደግሞም ተቀጣጣይ ነውና ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አትሙሉ፣ ሲጋራ የያዘ ሰውም አጠገባችሁ አይቁም።

ቴሌግራም ላይ የሚሸጡት፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሙት የማጠቢያ እንክብሎች ርካሽ ናቸው፣ ከውጭ ዘመድ በሻንጣ ለማምጣትም ይመቻሉ። ሳሙናቸው ጥሩ ነው። አብዛኞቹ ግን አልኮል የላቸውም፣ ስለዚህ ለሽታ መልስ አይሆኑም።

ምንም ግዙ ምን፣ የገማ ጋን ላይ አትጨምሩ። ሳይታጠብ በከረመ ጋን ጥሩ ጠላ እንደ መጥመቅ ነው። የድሮውን ውሃ አውጡ። በአፍ በቱቦ መሳብ በፍጹም አይሆንም፣ ቁልፉን እየነካችሁ ረጭታችሁ ጨርሱት ወይም መካኒኩ ፓምፑን ነቅሎ ያፍስሰው። ፓምፑ ውሃ ሳይኖር ሲሠራ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ድምፁ ሲለወጥ ልቀቁት። ከዚያ ለሁለት ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ጨምሩና አሳድሩት። የተጋገረውን ማዕድን ይፈታል፣ ያዳለጠውንም ያላቅቃል። ጠዋት ትንሽ ረጭታችሁ በቱቦው አሳልፉት፣ ቀሪውን ደፍታችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በረኪና የሚመክሯችሁ አሉ። ጎሚኒውን (የጎማ ማሸጊያውን) እና ቀለሙን ይበላል፤ ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። አትሞክሩት።

ቪትዝና ያሪስ ያላችሁ የኋላውንም መስታወት መርጨት አትርሱ። ብዙ ጊዜ አንዱ ጋን ነው ለሁለቱም የሚያገለግለው፣ የገማው ውሃ በረጅሙ የኋላ ቱቦ ውስጥ ይቀራል። የፊቱን ብቻ አጥባችሁ ሽታው ተመለሰ የምትሉት ለዚህ ነው።

ታጥቦም ውሃው ደካማ ሆኖ ከወጣ ፓምፕ ለመግዛት አትቸኩሉ። ፓምፑ መግቢያ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች፤ ያ የሚያዳልጠው ነገር የሚደፍነው እሷን ነው። በጥርስ ብሩሽ ሲጸዳ ፓምፑ የሚነሳበት ጊዜ ብዙ ነው። መርጫውንም በቀጭን መርፌ ክፈቱት። እውነትም ተቃጥሎ ከሆነ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫው ገበያ፣ ሁለት ምርጫ ይቀርብላችኋል፦ አዲስ ኮፒ ወይም ከሌላ መኪና የወጣ ኦርጅናል። እኔ ሁልጊዜ የወጣውን ኦርጅናል ነው የምይዘው። ኮፒው ብዙውን ጊዜ አፉ ከጎሚኒው ጋር ልክ አይገጥምም፣ ውሃውም ከፓራውልቱ ስር ጠብ ሲል ይከርማል። የከፈላችሁበት ፈሳሽ መሬት ላይ ሲፈስ ማየት ነው ትርፉ። የምትገዙትን ሻጩ ባትሪ ላይ አስነስቶ ያሳያችሁ፣ ጎሚኒውን ግን አዲስ ግዙ። እሱ ርካሽ ነው፣ የድሮው ደግሞ ስለሚደርቅ ዳግም አይገጥምም።