"ፍለድ" አልበም፦ ፀጉር ቤት ውስጥ ወራት ካጫወትኩት በኋላ

ፍርዱን ላስቀድምና ልገላገል፣ የዚህ አልበም ቀልድ ቶሎ ያልቃል ዜማው ግን እስካሁን አላለቀልኝም። "ፍለድ"ን ነው የምላችሁ፣ ዴይ ማይት ቢ ጃይንትስ የሚባሉት የብሩክሊን ሰዎች በፈረንጅ 1990 ያወጡት ሶስተኛ አልበማቸው። ሲዲውን የአጎቴ ልጅ ነው ከዋሽንግተን ሲመጣ ያመጣልኝ፣ ማራኪ ሰፈር ያለችው ፀጉር ቤቴ ውስጥ ከክረምት ጀምሮ ሲጫወት ከርሟል፣ እና አንዴ ሰምቶ "አሪፍ ነው" ከሚል ሰው የኔው ትንሽ ይታመን መሰለኝ።

ለማታውቋቸው፣ ያኔ ባንዱ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ጆን ፍላንስበርግ ጊታር፣ ጆን ሊኔል አኮርዲዮንና ኪቦርድ፣ ከበሮ የሚመታ የለም ድራም ማሽን ነው። አልበሙ 43 ደቂቃ ገደማ ውስጥ 19 ዘፈን ጠቅጥቋል፣ አንዱን ሳትለምዱት ሌላው ይገባል። ለፀጉር ቤት ደግሞ ይሄ ምርጥ ነው፣ አንዱ ያልጣመው ደንበኛ ፂሙ ሳያልቅ ሌላ ዓይነት ይመጣለታል። አኮርዲዮኑ ሲጀምር ትልልቅ ሰዎች ጆሯቸውን ይጥላሉ፣ አንድ አባት እንደውም "ይሄ ክቡር ዘበኛ ነው እንዴ ልጄ?" ብለውኛል።

ማጫወቻዬ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሌ ከአንደኛው ትራክ ነው የሚነሳው፣ አንደኛው ትራክ ደግሞ በመዘምራን ድምፅ "የ1990 አዲስ አልበማችን ይኸውላችሁ" ብለው የሚያውጁባት አጭር መግቢያ ናት። ስለዚህ መብራት በመጣ ቁጥር ሰፈሩ 1990 መግባቱ ይነገረዋል። ይሄ ቀልድ ግን አላረጀብኝም፣ እነሱ ያላሰቡት ስለሆነ ይሆናል።

ካረጁት ውስጥ ዋናው "ሚኒመም ዌጅ" ነው። አንድ ሰው የዘፈኑን ርዕስ ይጮሃል፣ ጅራፍ ይጮሃል፣ ከዛ የሆቴል ሙዚቃ ምናምን፣ አለቀ። መጀመሪያ ሰሞን ስቄያለሁ። አሁን ግን ምላጭ ሰው አንገት ላይ አስቀምጬ ያ ጅራፍ የቡሄ ሰሞን ይመስል ጯ ሲል ደንበኛው ብድግ ይላል፣ እኔም እደነግጣለሁ፣ ወደሱ ሲቃረብ እጄን አንስቼ መጠበቅ ለምጃለሁ። "ሂሪንግ ኤይድ"ንም እዘለዋለሁ፣ ይጎተታል።

ያላረጁት እነማን ናቸው ካላችሁ "በርድሃውስ ኢን ዩር ሶል" አንደኛ። የሚዘፍነው ሰው አይደለም፣ ማታ ልጆች ክፍል ውስጥ የሚበራ የወፍ ቅርፅ ያለው ትንሽ መብራት ነው፣ ይሄን ሳላውቅም ዜማውን ወድጄው ነበር፣ ካወቅኩ በኋላም አልቀነሰም። "ኢስታንቡል" የ1953 ዘፈን ነው፣ የካናዳዎቹ ፎር ላድስ የዘፈኑት፣ እነዚህ አፍጥነው በቫዮሊን ሰሩት። ቁስጥንጥንያ ስሟ ለምን ተቀየረ፣ እሱ የቱርኮች ጉዳይ ነው ይላል በቃ። በከተማ ስም መቀየር እንዲህ ዘና ብሎ መዝፈን፣ እኛ ጋ ይሞከር እስቲ!

"ዩር ሬሲስት ፍሬንድ" ግን ሌላ ነው። ግብዣ ላይ የጓደኛህ ጓደኛ በዘሩ ሰው ሲሰድብ ዝም ብሎ መቆም ያቃተው ሰው ነው የሚዘፍነው፣ ዜማው ሞቅ ያለ ነው ነገሩ ግን አያስቅም። እኔ በስራዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲህ የሚያወራ ሰው በየጊዜው ይገጥመኛል፣ ሌላው ወረፋ የሚጠብቀው ወይ ይስቃል ወይ ስልኩን ያያል፣ እኔ ደግሞ ማሽኑን ይዤ ጀርባው ቆሜ እሰማለሁ። እንግሊዝኛውን የሚከታተሉ ተማሪዎች ይቺ ስትመጣ በመስታወት ቀና ብለው ያዩኛል። ከ19ኙ ቀልድ የሌለባት እሷን ነው ከሁሉም በላይ የማከብራት፣ የቀልድ አልበም ውስጥ መቀመጧ ደግሞ ጠቅሟታል፣ ብቻዋን ብትሆን ስብከት ትሆን ነበር።

ድምፅ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሲዲው እንደዛ ዘመን ሲዲ ዝግ ያለ ነው፣ ስፒከሩን ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ከዛ ወደ ፍላሹ ስትመለሱ የዘንድሮ ዘፈን ጆሮ ይበጥሳል። ደግሞ አራት ዘፈኖች ከሌሎቹ ሞላ ብለው ይሰማሉ፣ ለምን እንደሆነ ሳጣራ እነዚህን ማድነስ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ፕሮዲውሰሮች ክላይቭ ላንገርና አላን ዊንስታንሊ ናቸው የሰሯቸው፣ የአልበሙን በጀትም አብዛኛውን የበሉት አራቱ ናቸው። ሌላውን ባንዱ ራሱ ነው የሰራው። የጠራኋቸው ሶስት ያላረጁ ዘፈኖች ሶስቱም ከነዛ አራት ውስጥ ናቸው፣ ገንዘቡ በከንቱ አልሄደም ማለት ነው።

ያኔ ገበያው እንዴት ተቀበለው? ከትንሽ ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ) ወጥተው ትልቁ ኤሌክትራ ጋ የሰሩት የመጀመሪያ አልበማቸው ነው፣ ይጠበቅ ነበር። "በርድሃውስ" እንግሊዝ ላይ 6ኛ ገባ፣ አሜሪካ የዘመናዊ ሮክ ቻርት ላይ 3ኛ፣ አልበሙ ግን ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ አልበም ቻርት ላይ ከ75ኛ አላለፈም። ተቺዎቹም አንድ አፍ አልሆኑም፣ የወደደው ዜማቸውን አወደሰ፣ ያልወደደው ብልጥነት በዛባቸው አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እኔም እንደ ሁለተኛው ነበር የማስበው። ቆይቶ "ቲኒ ቱን አድቬንቸርስ" የሚባለው የልጆች ካርቱን ከዚሁ አልበም "ኢስታንቡል"ንና "ፓርቲክል ማን"ን አጫወተ፣ የልጅ አድማጭ መጣላቸው፣ ልጅ ደግሞ ተቺ አያነብም። ቀስ እያለ እየተሸጠ በ2009 አሜሪካ ላይ ፕላቲነም ሆነ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ኮፒ። እኔ ጋ እናታቸው ይዛቸው የሚመጡ ህፃናትም "ፓርቲክል ማን" ላይ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ አስቸግረውኛል፣ መቀስ ይዘህ የሚነቀነቅ ጭንቅላት መቁረጥ ሞክሩት።

ፒያሳ ሲዲውን ፍለጋ አትዙሩ አታገኙትም፣ ስልክ ላይ አለ፣ ዳታ ካላችሁ እዛው ስሙት፣ መጀመሪያ የጠራኋቸውን ሶስቱን ከዛ የቀረውን። ሳቅ ብቻ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። እኔ ለአጎቴ ልጅ ቀጥሎ ሲመጣ ከዚህ በፊት ያወጡትን "ሊንከን"ን አምጣልኝ ብዬዋለሁ፣ እሱ ግን ሽቶ ይሻልሃል እያለኝ ነው።